ሉዊ ሼቭሮሌ እና የፎርድ ሞዴል ቲ ቴስታታ፦ የአንድ መካኒክ ሕይወት ከቫልቭ ሥርዓት ማሻሻል አንጻር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ የሚመላለስ ሹፌር ሞተሩ በቆላ የነበረውን ጉልበት በደጋ እንደማይሰጠው ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በጎንደር በአንድ አምስተኛ ገደማ፣ በደባርቅ በሩብ ገደማ ያንሳል። ተርቦ ያልተገጠመለት ሞተር በእያንዳንዱ የመሳብ ምት የሚያስገባው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የሞተር ጉልበት ከነዳጅ በፊት የትንፋሽ ጉዳይ ነው። የትንፋሹን በር የሚከፍቱትና የሚዘጉት ደግሞ ቫልቮች ናቸው።

ከዚህ በር ጋር ሲታገሉ ከኖሩት ሰዎች መካከል ስሙ በዓለም ዙሪያ የታወቀው፣ ሥራው ግን እምብዛም ያልታወቀው ሉዊ ሼቭሮሌ ነው። ስለ እርሱ የሚጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ትኩረታቸውን የሚጥሉት በ1911 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተመሠረተው ኩባንያና ስሙን ለሌሎች ጥሎ በመውጣቱ ላይ ነው። በዚህ አተራረክ ሼቭሮሌ ሀብት በእጁ ገብቶ ያመለጠው ያልታደለ ሰው ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ የሙያ ሕይወቱን ከቫልቭ ሥርዓት አንጻር ለሚያነብ ሰው ዋናው ምዕራፍ ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ ይመጣል። ይኸውም በ1920ዎቹ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ፣ የተፎካካሪው የሄንሪ ፎርድ ርካሽ መኪና በተሻለ እንዲተነፍስ የሚያደርግ የሲሊንደር ክዳን ሲያመርት የነበረበት ጊዜ ነው።

ከሰዓት ሠሪ ቤት እስከ እሽቅድምድም ሜዳ

ሉዊ ጆሴፍ ሼቭሮሌ ታኅሣሥ 25 ቀን 1878 በስዊዘርላንድ በሰዓት ሥራ በታወቀችው ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበር። ልጁ ገና ሳያድግ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በቡርጎኝ አውራጃ በምትገኘው ቦን ከተማ ሰፈረ። ሉዊ በዚያ በአንድ የብስክሌትና የማሽን ጥገና ቤት ሥራ ጀመረ፤ በብስክሌት ውድድርም ተሳተፈ። ለጥቃቅን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የነበረው ዓይን ከአባቱ የወረሰው ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። አባባሉ ያማረ ቢሆንም ቦን ውስጥ ያሳለፋቸው የጥገና ቤት ዓመታት ለዚያ የበለጠ በቂ ምክንያት ይመስላሉ።

ከፓሪስ ጥቂት ቆይታ በኋላ በ1900 ወደ ካናዳ፣ በማግስቱም ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በ1905 ለፊያት መኪና አስመጪዎች ሲሠራ መሪ እንዲይዝ ዕድል ተሰጠው። በዚያው ዓመት ግንቦት 20 ቀን በሞሪስ ፓርክ ሜዳ አንዱን ማይል በ52.8 ሰከንድ ጨረሰ፤ ይህም በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ከኋላው ከቀሩት መካከል በወቅቱ በአሜሪካ ዝነኛ የነበረው ባርኒ ኦልድፊልድ ይገኝበታል። በዚያው ዓመት ሱዛን ትሬቩን አገባ።

ለዚህ ጥናት ከድሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሼቭሮሌ ከ1907 ጀምሮ በዊልያም ዱራንት ይመራ ለነበረው ቢዊክ ኩባንያ ተወዳዳሪ ሆነ። ቢዊክ ከ1904 አንሥቶ ቫልቮቹን በሲሊንደሩ አናት ላይ የሚያስቀምጥ ሞተር ይሠራ ነበር፤ ይህ አሠራር በዚያ ዘመን የጥቂቶች ነበር። ሼቭሮሌ ወንድሙን አርተርን ጨምሮ ከቡድኑ ጋር ከሜዳ ወደ ሜዳ ሲዞር፣ አናት ላይ ያሉ ቫልቮች በሙሉ ፍጥነት ምን እንደሚያተርፉና ምን እንደሚሰብሩ በየሳምንቱ ያይ ነበር። በ1909 በኢንዲያና ግዛት በክራውን ፖይንት የተደረገውን የኮብ ዋንጫ ውድድር ያሸነፈውም በቢዊክ ነው።

ስሙን የያዘው መኪና

ዱራንት ከጄኔራል ሞተርስ አመራር ከተገፋ በኋላ ኅዳር 3 ቀን 1911 የሼቭሮሌ ሞተር መኪና ኩባንያ በሚሺጋን ተመሠረተ። የመጀመሪያው ምርት ክላሲክ ሲክስ ስድስት ሲሊንደርና 4.9 ሊትር ይዘት ያለው፣ 2,150 ዶላር የሚሸጥ ትልቅ መኪና ነበር። በንድፉ ኤቲየን ፕላንሽ የተባለ መሐንዲስም ተሳትፏል። የሚያስገርመው ግን የቫልቮቹ አቀማመጥ ነው። አናት ላይ ቫልቭ ካለው ቢዊክ የመጣ ሰው ስሙን በሰጠው መኪና የመሳቢያ ቫልቮቹ በሞተሩ አንድ ጎን፣ የማስወጫዎቹ በሌላው ጎን ቆመው፣ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ካምሻፍት ነበረው። ይህ አደረጃጀት ሰፋፊ ቫልቮችን ለማስገባት ቦታ ቢሰጥም ማቃጠያ ክፍሉን ወደ ሁለቱም ጎን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ክፍል ደግሞ ሙቀትን ለግድግዳው ያባክናል፣ መጭመቂያውንም ከፍ ለማድረግ ይከለክላል። በዘመኑ የቅንጡ መኪኖች ወግ ስለነበር ተመርጦ ይሆናል።

ዱራንት የፈለገው ከፎርድ ጋር በዋጋ የሚፎካከር መኪና ነበር፤ ሼቭሮሌ ደግሞ ትልቅና ጥሩ መኪና። በ1913 ተለያዩ። ስሙ ከድርጅቱ ጋር ቀረ። ዱራንት በዚያው ድርጅት አማካይነት በ1916 ጄኔራል ሞተርስን መልሶ በእጁ አስገባ፤ በ1918ም ሼቭሮሌ የጄኔራል ሞተርስ አካል ሆነ። ከሼቭሮሌ መውጣት በኋላ ገበያ የገቡት አነስተኛ አራት ሲሊንደር መኪኖች አናት ላይ ቫልቭ ነበራቸው። የስሙ ባለቤት በእጁ የሚያውቀው አሠራር በስሙ መኪና ላይ በሰፊው የታየው እርሱ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

ፍሮንተናክ

በ1914 ከወንድሞቹ ከአርተርና ከጋስቶን ጋር የፍሮንተናክን ድርጅት አቋቋመ። እንደገና ስሙን አልተጠቀመም፤ ሊጠቀምም አይችልም ነበር። ዓላማው የእሽቅድምድም መኪና መሥራት ነበር፤ ለክብደት ሲል አሉሚኒየምን በስፋት ተጠቀመ። በ1919 በኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ራሱ እየነዳ ሰባተኛ ወጣ፤ በዚያ ውድድር ያገኘው ከፍተኛ ደረጃም ይኸው ነው።

በ1920 ለሞንሮ ኩባንያና ለራሳቸው ሦስት ሊትር ይዘት ያላቸው አራት ሲሊንደር መኪኖች ተሠሩ። በንድፉ ኮርኔሊየስ ቫን ራንስት የተባለ ወጣት መሐንዲስ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሁለት ካምሻፍቶች በቴስታታው አናት ላይ ተቀምጠው ቫልቮቹን ያለ ረጃጅም ዘንጎች በቀጥታ ይገፉ ነበር። በውድድሩ ዕለት ከእነዚህ መኪኖች በርካቶቹ የመሪ ማያያዣ ክፍላቸው እየተሰበረ ወጡ፤ ከወጡት አንዱ የሉዊ መኪና ነው። ያልተሰበረበት ጋስቶን 805 ኪሎ ሜትሩን አንድም ጎማ ሳይቀይር በአማካይ በሰዓት 142 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ አንደኛ ወጣ። ከ1913 ጀምሮ ውድድሩን ሲያሸንፉ የቆዩት የአውሮፓ መኪኖች ነበሩ። ሞተሩ በሚገባ ተነፍሶ መሪው መሰበሩ ለመሐንዲስ የሚያስተምረው አለው፤ አንድን ክፍል ያሻሻለ ሰው ድካሙን ወደ ቀጣዩ ደካማ ክፍል አዛወረ እንጂ አላስወገደውም።

ኅዳር 25 ቀን 1920 ጋስቶን በቤቨርሊ ሂልስ የጣውላ ሜዳ በተከሰተ ግጭት ሞተ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። የዚያ ዓመት የአሜሪካ ሻምፒዮንነት ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ሉዊ ከዚያ ወዲህ በመኪና አልተወዳደረም። በቀጣዩ ዓመት ቶሚ ሚልተን ስምንት ሲሊንደር በሆነው ፍሮንተናክ ኢንዲያናፖሊስን ደግሞ አሸነፈ፤ በስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገኘ የመጀመሪያው ድል ነው። ሆኖም ድሉ ገንዘብ አልሆነም። ፍሮንተናክ የሚል ስም ያለው የመንገድ መኪና ለማምረት የተያዘው ዕቅድ በጊዜው በነበረው የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ከሸፈ። ለወንድማማቾቹ የቀራቸው የማሽን ሥራ ቤቱና ስለ ቫልቭ የሚያውቁት ነበር።

ለፎርድ የተሠራው ክዳን

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንገድ በፎርድ ሞዴል ቲ የተሞላ ነበር፤ ምርቱ በ1927 ሲያበቃ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሞተሩ 2.9 ሊትር ይዘት ኖሮት 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ይሰጥ ነበር። ምክንያቱ በዋናነት አተነፋፈሱ ነው። ቫልቮቹ በብሎኩ ውስጥ ከሲሊንደሩ ጎን ወደ ላይ ቆመዋል። አየርና ነዳጁ ከታች ወጥቶ፣ በጎን ኪስ ዞሮ፣ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ቴስታታው ራሱ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው ክዳን ነበር። (በጎንደርም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ጋራዦች ይህ ክፍል እስከ ዛሬ የሚጠራበት ቴስታታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የሊማሊሞን መንገድ የቀየሱትም በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ናቸው።)

ወንድማማቾቹ ከቫን ራንስት ንድፍ ተነሥተው ያመረቱትና በአጭሩ ፍሮንቲ የተባለው ቴስታታ ይህን ክዳን ሙሉ በሙሉ ይተካል። የብሎኩ የድሮ ቫልቭ ቀዳዳዎች ሥራ ያቆማሉ። የፎርዱ ካምሻፍት ግን በቦታው ይቆያል፤ እንቅስቃሴው በረጃጅም ዘንጎች ወደ ላይ ይወጣና በአናቱ ላይ ባሉ ማወዛወዣ ክንዶች ወደ ታች ተመልሶ አዲሶቹን ቫልቮች ይከፍታል። ገዢው የድሮውን ክዳን ፈትቶ፣ ጓርኒሲዮን አንጥፎ፣ አዲሱን ያስራል። የንድፉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ብሎክ፣ ክራንክሻፍትና ካምሻፍት ሳይቀየሩ፣ የአንድ ገበሬ ወይም የአንድ ወጣት መካኒክ መኪና የውድድር መኪና ጠባይ ያገኛል። ለመንገድ ከተዘጋጀው ቀላል ዓይነት አንሥቶ ለእሽቅድምድም ብቻ እስከታሰበውና ሁለት ካምሻፍት በአናቱ እስከያዘው ድረስ የተለያዩ ደረጃዎች ነበሩት። በሺዎች ተሽጧል።

ጥቅሙ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛ፣ ማቃጠያ ክፍሉ ከጎን ኪሱ ተላቅቆ ስለሚሰበሰብ መጭመቂያው ከፍ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ለቫልቮቹ ስፋት ቦታ ይገኛል። የቫልቭ ዲያሜትር በ20 በመቶ ቢጨምር የራሱ ስፋት በ44 በመቶ ያድጋል። ይሁን እንጂ ቫልቩ በትንሹ ሲከፈት አየሩ የሚያልፈው በዙሪያው ባለው ቀለበት ስለሆነ፣ የከፍታው መጠን ካልተለወጠ የመተላለፊያው ዕድገት 20 በመቶ ብቻ ነው። ትልቅ ቫልቭ ገጥሞ የካምሻፍቱን ቅርጽ ሳይነካ የሚተው ሰው የተጠበቀውን ጉልበት የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕዳውም አለ። ረጃጅሞቹ ዘንጎችና ክንዶቹ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ክብደት ይጨምራሉ። በደቂቃ 4,000 ዙር በሚሽከረከር ሞተር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 33 ጊዜ ገደማ ይከፈታል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ እነዚህን ክፍሎች ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሞላው ካልቻለ ቫልቩ ካምሻፍቱን ለቅቆ በአየር ላይ ይቀራል፣ ጉልበትም ይጠፋል፤ ከዚያም ሲብስ ቫልቩ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ጠንካራ ሞላ ሲገጠም ደግሞ የካምሻፍቱ ጥርስና በላዩ የሚንሸራተተው ክፍል ቶሎ ይበላሉ። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ሞላውን ከማጠንከር በፊት ክፍሎቹን ማቅለል ነው። ሁለት ካምሻፍት ያለው የውድድር ዓይነትም የተሠራው ዘንጎቹን ጨርሶ ለማስቀረት ነው።

ከታች ደግሞ ፎርዱ ራሱ ነበር። የሞዴል ቲ ክራንክሻፍት ቀጭንና በሦስት ቦታ ብቻ የታቀፈ ሲሆን ዘይቱም በፓምፕ ግፊት ሳይሆን በመረጨትና በስበት ይደርሰዋል። ሃያ የፈረስ ጉልበትን ታስቦ የተሠራ አካል ያንን እጥፍ ሲሸከም ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። ለውድድር የሚዘጋጁት ሞተሮች በግፊት የሚሠራ የዘይት ሥርዓትና የተጠናከረ የታችኛው ክፍል ያስፈልጋቸው ነበር።

ውጤቱ በ1923 ታየ። ደንቡ የሞተሩን ይዘት ወደ ሁለት ሊትር ባወረደበት በዚያ ዓመት፣ በኢንዲያናፖሊስ የሚገኝ ባርበር ዋርኖክ የተባለ የፎርድ አከፋፋይ ያስገባውን ፍሮንቲ ፎርድ ሎራ ኮረም ነድቶ በአማካይ በሰዓት 133 ኪሎ ሜትር ገደማ አምስተኛ ወጣ። ከፊቱና ከኋላው የነበሩት ለውድድር ብቻ ተብለው የተሠሩ ውድ መኪኖች ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ሦስት ፍሮንቲ ፎርዶች ገቡ፤ ያን ቀን የክብር ዳኛ ሆኖ የተገኘው ሄንሪ ፎርድ ነበር። ከነጂዎቹ አንዱ አልፍሬድ ሞስ ነው፤ ልጁ ስተርሊንግ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአባቱ የሚልቅ ዝና አትርፏል።

ይህን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ አንባቢ ከኩባንያው ምሥረታ የበለጠ አስፈላጊ የሚያደርገው የችግሩ ዓይነት ነው። አዲስ ሞተር መንደፍ ገንዘብና ፋብሪካ ይጠይቃል። በገበያ ላይ በብዛት ያለን፣ መለዋወጫው የማይጠፋን፣ ርካሽ ሞተር መርጦ አንዱን ወሳኝ ክፍል መለወጥ ግን የሥራ ቤት ሥራ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ የአየሩን መሳሳት ቫልቭ ብቻ አይመልሰውም፤ እፍጋቱን መልሶ የሚያመጣው አየርን በግድ የሚያስገባ ተርቦ ነው። ነገር ግን ሳሳ ያለ አየር ቤንዚን ሞተርን ከማንኳኳት ስለሚያርቀው በቆላ የማይቻል መጭመቂያ በደጋ ይቻላል። ሼቭሮሌ በቴስታታ ለውጥ ያገኘው አንዱ ትርፍ፣ ማለትም ከፍ ያለ መጭመቂያ፣ በደባርቅ ከኢንዲያናፖሊስ ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ ነው። የማቃጠያ ክፍሉን ቅርጽ፣ የቫልቩን ስፋትና የካምሻፍቱን ከፍታ እንደ አንድ ጥያቄ አይቶ ለአንድ ከፍታ መወሰን ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚበቃ ርእስ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሼቭሮሌ በ1925 በማያሚ በፈጣን ጀልባ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ ከአርተር ጋር ወደ አውሮፕላን ሞተር ተሻገሩ፤ ሼቭሮሌር ብለው የሰየሙት አራት ሲሊንደር ሞተር ተገልብጦ የተሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ሥራው ወደ ግሌን ማርቲን ኩባንያ እጅ ሲገባ ወንድማማቾቹ ተጣልተው ተለያዩ። ሞዴል ቲም በ1927 ምርቱ ስላበቃ የፍሮንቲ ገበያ መሠረቱ ተናደ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከፎርድ በላይ የተሸጠው መኪና ሼቭሮሌ ነበር። የ1929ኙ የገበያ ውድቀት የቀረውን ወሰደ።

በ1930ዎቹ ሉዊ ስሙን በያዘው ድርጅት ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ተቀጥሮ እንደ ሠራ አብዛኞቹ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በ1934 ልጁ ቻርልስ ሞተበት። በደም ሥር መዘጋት ታሞ ሥራውን ተወ፤ ለጤናው ሲል ከባለቤቱ ጋር ወደ ፍሎሪዳ ሄደው ጥቂት ኖሩ። ሰኔ 6 ቀን 1941 በዲትሮይት በስድሳ ሁለት ዓመቱ አረፈ፤ ጋስቶን በተቀበረበት በኢንዲያናፖሊስ ተቀበረ። አርተር ከአምስት ዓመት በኋላ በሉዊዚያና ሞተ። ፍሮንቲ ቴስታታዎች ግን አሮጌ ሞዴል ቲ የሚያድሱ ሰዎች ዛሬም ፈልገው የሚገዟቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ማወዛወዣ ክንዶቻቸው ተፈትሸው፣ ሞላዎቻቸው ተቀይረው፣ የፎርድ ስም በተጻፈበት ብሎክ ላይ እንደገና ይታሰራሉ።